ከሮም ስቶክሆልም ሦስት ሰዓት ነው

ከሮም ስቶክሆልም በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው። ርቀቱ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ በማይል አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ ግድም፣ ከአትላንታ ዴንቨር እንደመሄድ ማለት ነው። ይህን የማውቀው ብዙ የተማርኩ ሰው ሆኜ አይደለም። አትላንታ ዳር ክላርክስተን ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና እንጀራ የምሸጥ ሴት ነኝ። የማውቀው እህቴ አንድ ረቡዕ ቀን ይህን መንገድ ተሳፍራ እስከ ቅዳሜ ድረስ ስላልደረሰችልኝ ነው።

እኛ ሦስት ነን። ታላቃችን ወንድማችን ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ስቶክሆልም ከገባ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ ያላገባ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው። ሁለተኛዋ እታለም ናት፤ ሮም ውስጥ አንዲት ባልቴት ቤት ተቀጥራ አሮጊቷን ትጦራለች። የመጨረሻዋ እኔ ነኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል፤ ስኔልቪል ቤት አለኝ፣ ባል አለኝ፣ የደረሰች ልጅ አለችኝ። ጋሼ ግን ከ"ጩጬ" ሌላ ጠርቶኝ አያውቅም።

እታለም አውሮፕላን ትፈራለች። ያውም እንዲህ በቀላሉ የሚነገር ፍርሃት አይደለም። ያኔ ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ስትመጣ ባሕሩ ላይ ሲደርሱ አውሮፕላኑ ይናጥ ጀመር፤ ከላይ ሻንጣ ወደቀ፤ ከጎኗ የተቀመጠ ሰውዬ ለማያውቃት ሴት ኃጢአቱን ይዘረዝር ገባ። እግሯ መሬት ሲረግጥ ሁለተኛ ከመሬት ላልነሳ ብላ ተሳለች፤ ሃያ ሁለት ዓመትም ስለቷን ጠበቀች። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቻታለሁ። ጋሼ በየነሐሴው ይሄድላታል፤ በሄደ ቁጥርም ይጨቀጭቃታል። "ሦስት ሰዓት እኮ ነው! ዐይንሽን ጨፍነሽ አባታችን ሆይ በይና ነይ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ" ይላታል። እሷ ደግሞ "በሦስት ሰዓት ስንት ጊዜ ይሞታል!" ትለዋለች።

ስለ እናታችንም አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ የቀረው ነገር አይገባም። እናታችን ስትሞት ሦስታችንም ከአገር ውጭ ነበርን። ዘመዶቻችን ስድስት ሳምንት ሙሉ ደበቁን። ስንደውል "ተኝታለች" ይሉናል። "ደከም ብሏት ተኝታለች"፣ "አሁን ገና ጋደም አለች"፣ "ቀስቅሰን አናውካት"። እታለም በነዚያ ስድስት ሳምንታት ለእናታችን የሱፍ ሹራብ እየሠራች ነበር፤ መርዶው ሲደርሳት ሁለተኛው እጅጌ ላይ ነበረች። ሹራቡን እስከ ዛሬ አልጨረሰችውም፣ አልተረተረችውምም። ያን ጊዜ ስልክ ላይ እየተላቀስን ቃል ተገባባን። በእኔና በእሷ መካከል መርዶ የሚባል ነገር አይኖርም፤ የሆነው ሁሉ በሆነበት ሰዓት፣ በስልክ፣ እንደወረደ ይነገራል። ጋሼ ሲሰማ ሳቀብን። "እኔን አታስገቡኝ። ለኔ ደንቡ ይጠበቅልኝ። ጎህ ሳይቀድ ካፖርት የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች በሬን ካላንኳኩ አላምንም" አለ።

እንግዲህ ማክሰኞ ቀን ወደ እኩለ ቀን ገደማ፣ ሱቅ ውስጥ እንጀራ በላስቲክ እየከተትኩ ሳለ እታለም ደወለች።

"ነገ ጋሼ ጋ ልሄድ ነው" አለችኝ።

"በምን? በባቡር?"

"በአውሮፕላን።"

ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ያን ሳቅ ከጉሮሮዬ አውጥቼ ብጥለው ደስ ይለኛል፤ ግን ሳቅኩ። ባንኮኒውን ተደግፌ፣ እንባዬ እስኪመጣ። ደንበኞች ዞረው አዩኝ። "አንቺ! ቄስ ይዘሽ ነው የምትሳፈሪው? ፓይለቱን ንስሐ ልታስገቢው ነው?" አልኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ።

"አለሁ" አለች።

"ምን ተገኘ ታዲያ?"

"ናፈቀኝ" አለች። "ስደርስ እደውልልሻለሁ።" ከዚያ ዘጋችው።

ሃያ ሁለት ዓመት ያላነሳት ምን እንዳነሳት አልጠየቅኩም። ስልኩን አስቀምጬ ለሱቁ ሰው ሁሉ "ጉድ ስሙ! እህቴ ልትበር ነው!" እያልኩ አወራሁ።

አውሮፕላኑ ሮም ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ይነሳል፤ እኛ ጋ ገና ሲነጋጋ ነው። ልጄ ብሩክሄቨን ብቻዋን ትኖራለች፤ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሥራ አላት፣ ምን እንደሆነ ሦስት ጊዜ አስረድታኝ አልገባኝም። እሷ ናት አውሮፕላን የሚያሳይ አፕ ስልኬ ላይ የጫነችልኝ። በዚያ ሰዓት በቀጥታ ስቶክሆልም የሚሄድ አንድ አውሮፕላን ብቻ ነበርና ማታውኑ ፈልጋ አሳየችኝ። ረቡዕ ጠዋት ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ያቺን ትንሽ ቢጫ አውሮፕላን መከተል ጀመርኩ። ከሮም ተነሳች። ተራሮቹን አለፈች። ጀርመንን ከታች ወደ ላይ ስትሻገር እኔ ሻዬን ጠጥቼ ልብሴን ቀየርኩ። እታለም ዐይኗን ጨፍና የወንበሩን እጀታ ጨብጣ ትታየኛለች፤ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ባሕሩ ላይ ስትደርስ አውሮፕላኗ ቆመች። አውሮፕላን እንደማይቆም አውቃለሁ፤ እሷ ግን ቆመች። አፍንጫዋን ወደ ሰሜን እንዳደረገች ሰማያዊው ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። ስልኩን ነካካሁት፣ አጥፍቼ አበራሁት። ስከፍተው አውሮፕላኗ የለችም፤ ካርታው ላይ ባሕሩ ብቻ ነበር።

ልጄ ጋ ደወልኩ። "ማሚ፣ ሲግናል ነው፣ ላይክ፣ ኖርማል ነው። ሪላክስ አድርጊ" አለችኝ። ጥቂት ቆይቶ በእርግጥም አርፏል የሚል ጽሑፍ መጣ። አውሮፕላኗ ስትወርድ ግን አላየኋትም። ከባሕሩ ላይ ጠፍታ ጽሑፍ ሆና ተመለሰች።

ሱቁን ከፍቼ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። እታለም አልደወለችም። ስደውልላት ስልኳ ዝግ ነው። ጋሼ ጋ ደወልኩ፤ እስከ መጨረሻው ጠርቶ ዝም አለ። እሱ እንኳ ልማዱ ነው፤ እየነዳ ስልክ አያነሳም። በኋላ የድምፅ መልእክት ይልካል፣ ያውም ሰባት ስምንት ደቂቃ የሚፈጅ፤ መሐል ላይ የአውቶቡሱ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። የእሁዱን ራሱ ረጅም ስለሆነብኝ ገና አልሰማሁትም ነበር። ከሰዓት በኋላ ከእሱ ስልክ መልእክት መጣ። ድምፅ ሳይሆን ጽሑፍ።

"ደርሳለች። ደክሟት ተኝታለች።"

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ጩጬ አይልም። ቀልድ የለበትም። ሃያ ሁለት ዓመት የለመነ ሰው እሷ ስትሳፈር ድል አደረግኩ ብሎ አይፎክርም? ተኝታለች የሚለው ቃል ላይ ዐይኔ ተተከለ። እናታችንም ስድስት ሳምንት ሙሉ ተኝታ ነበር።

ባለቤቴ ያን ቀን ከሥራ ሲገባ ዐይኑ ቀልቶ ነበር። "አለርጂ ነው" አለኝ። በኅዳር ወር አለርጂ!

እዚህ ላይ ስለ ራሴ እውነቱን ልናገር። የእድራችን አባል ከሆንኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ መርዶ እንዴት እንደሚሰናዳ እንደ ሱቄ መደርደሪያ አውቀዋለሁ። አገር ቤት መርዶ ጎህን ይጠብቃል። አሜሪካ ደግሞ ከጎህም በላይ ኦፍ ይጠብቃል። የሰው ሞት ማክሰኞ ከተሰማ ሁሉም ሥራ የማይገባበት ቅዳሜ እስኪደርስ ሰውየው ሳያውቅ ይሠራል፣ ይበላል፣ ይስቃል። እስከዚያው የሚደረግ ነገር አለ። መጀመሪያ የመኪና ቁልፍ ይወሰዳል፤ ሃይዌይ ላይ ድንገት እንዳይሰማ። ቀጥሎ ስልኩ ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ ብቻውን አይተውም። በመጨረሻ ወንበሩ ይመጣል። ከነዚህ ውስጥ የኔ ሙያ ስልክ መውሰድ ነበር። ፊቴ አያስጠረጥርም ይሉኛል። ቀርቤ "ስልክሽን አንዴ ስጪኝ፣ የኔ ቻርጅ ጨርሷል" እላለሁ፤ አንድም ሰው ከልክሎኝ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ባለቤቴ የመኪናዬን ቁልፍ ከመስቀያው አነሳ። "ጎማሽ ልስልስ ብሏል። ሱቅ አድርሼሽ አስቀይረዋለሁ" አለኝ። ጎማውን በወሩ መጀመሪያ ነው የቀየርነው። እሺ አልኩት።

ሱቅ ውስጥ ሰው ሁሉ ለስላሳ ሆኗል። እንጀራው ኮመጠጠ ብሎ ሳይነጫነጭ የማይገዛ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ያን ቀን "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ" ብሎ ፊቴን ትኩር ብሎ አይቶ ወጣ። ከሽሮው መደርደሪያ ጀርባ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ቀረብ ስል ስለ አየሩ ማውራት ጀመሩ። አንዷ ስትሰናበተኝ አቅፋ ቶሎ አለቀቀችኝም። ወደ እኩለ ቀን ጓደኛዬ መጣች፤ በእድሩ አብራኝ የምትሠራ፣ ሙያውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አንድ ሁለት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

"እናቴ፣ ስልክሽን አንዴ ስጪኝ፣ የኔ ቻርጅ ጨርሷል" አለችኝ።

ክው አልኩ። የራሴን ቃል፣ በራሴ ድምፅ አጣጣል፣ ከሰው አፍ ስሰማው። እጄን ከባንኮኒው ሥር ሰድጄ ቻርጀር አወጣሁና ሰጠኋት። ምን ታድርግ? ስልኳን ሰካችው። ሰማንያ ሁለት ከመቶ ይላል። ሁለታችንም አየነው።

ሰዎች ለምን አልጠየቅሽም ይሉኝ ይሆናል። ምነው ባሌን ጥርቅም አድርጌ ይዤ እህቴ ምን ሆነች አላልኩም? እኔን የሚያውቅ ሁሉ አፌ እንደማይሰንፍ ያውቃል። ግን ፈራሁ። ካልጠየቅኩ አውሮፕላኗ ገና በአየር ላይ ናት። የሱቁን ካልኩሌተር አወጣሁና አሰላሁ። ከተነሳች ሠላሳ ሰዓት አልፏታል። በሠላሳ ሰዓት ከሮም እኛ ጋ መጥታ፣ ተመልሳ፣ ደግሞ መምጣት ትችል ነበር። ሦስት ሰዓቱን በአሥር አባዛሁት፣ መልሼ አካፈልኩት። የሚወጣው ቁጥር ሁልጊዜ ያው ነው። እታለም ከእንግዲህ በአየር ላይ ልትሆን የማትችልበት ሰዓት ሆኗል፤ እኔ ግን ቁጥሩን አጥፍቼ እንደገና እጀምራለሁ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ የጋሼን የእሁድ መልእክት ከፈትኩት። የሰው ድምፅ ፈልጌ ነው። ስምንት ደቂቃ ነው። ስለ ጉልበቱ አወራ፣ ስለ አንድ ሰካራም ተሳፋሪ አወራ፣ አስቂኝ ነበር። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። መጨረሻው ላይ "ያቺን ፈሪ እህትሽን ንገሪልኝ እንጂ ጩጬ፣ ሦስት ሰዓት ነው። ዘንድሮ ካልመጣች እኔም ነሐሴ ላይ አልሄድላትም። በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ በያት" ይላል። ተረጋጋሁ። ቢያንስ እዚያ ጫፍ እሱ አለ አልኩ። የሆነ ነገር ሆናም ከሆነ ያነሳት እሱ ነው፣ ያቀፋት እሱ ነው። ድምፁን ሦስት ጊዜ ሰማሁት።

አርብ ጠዋት ልጄ ኮምፒውተሯን ይዛ መጣች። "ዛሬ ከናንተ ቤት ነው የምሠራው" አለች። ብቻዋን መኖር ከጀመረች ሰባት ወሯ ነው፤ በሥራ ቀን መጥታ አታውቅም። ባለቤቴ ሱቁን ለጓደኛዬ አደራ ሰጥቷል፤ አንቺ ትንሽ እረፍ በይ ተባልኩ። ልጄ ሳሎን ተቀምጣ ወደ ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ በዐይኗ ትከተለኛለች። ብቻዬን አለመተዌ ገባኝ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱን ፍለጋ ጋራዡን ከፈትኩት።

ወንበሮቹ እዚያ ነበሩ። የእድሩ ተጣጣፊ ወንበሮች፣ በነጭ ቀለም ከጀርባቸው ቁጥር የተጻፈባቸው፣ ሸራ ለብሰው በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። ቁጥሮቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሸራውን ገለጥ አድርጌ ቆጠርኳቸው፤ አርባ ናቸው። አንዱን ዘርግቼ ተቀመጥኩበት። ብረቱ ይቀዘቅዛል። በሰው ቤት ስንት ጊዜ ደርድሬያቸዋለሁ፣ አንድም ቀን ብቻዬን ተቀምጬባቸው አላውቅም። ልጄ በሩ ላይ መጥታ "ለቤተ ክርስቲያን ነው፣ ዳዲ ነው ያመጣቸው" አለች፤ ሳልጠይቃት።

እዚያው ተቀምጬ ለጋሼ ጻፍኩለት። "ጋሼ፣ በእናታችን ይሁንብህ፣ እውነቱን ንገረኝ። እታለም በሕይወት አለች?" ብዬ። ያቺ አንድ ሰው ሲጽፍ የምትታየው ነጠብጣብ መጣች። ጠፋች። ደግማ መጣች። በመካከል ልጄ ሁለት ጊዜ ተነፈሰች። ከዚያ መልሱ መጣ።

"አለች። ደህና ናት። እመኚኝ።"

አላመንኩም። እኔም ለስንቱ እመኚኝ ብያለሁ።

ልጄ አጠገቤ ተንበረከከች። አሜሪካ ያደገች ልጅ ናት፤ ይህ ነገር ከሆዷ ገብቶ አያውቅም። እንባዋ ግጥም ብሏል። "ማሚ፣ ይሄ ነገር፣ ላይክ፣ ራይት አይደለም። አይ ካንት። እኔ ልንገርሽ፣ ኦኬ? ጀስት ስሚኝ…" አለች። አፏን በእጄ ያዝኩት። በኃይል ነው የያዝኩት፤ ጥርሷ መዳፌ ላይ ተሰምቶኛል። "ነገ" አልኳት። "እስከ ነገ ተያት። እስከ ነገ በአየር ላይ ትቆይልኝ።" ማንን እንደምል አልገባትም። ዐይኗን አፍጥጣ አየችኝ፣ አንድ ነገር ልትል ፈለገች፣ እኔም እጄን አላነሳሁም። አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር የቀራት። ብትጨርሰው ኖሮ የሚቀጥለው ሁሉ አይደርስብኝም ነበር።

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ ሳሎን ቁጭ ብዬ ጠበቅኳቸው። የመኪና በር ሲዘጋ ይሰማኛል፤ በቀስታ፣ አንድ በአንድ፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ። እግር ጠጠሩን ይረግጣል። ጋራዡ ተከፈተ፣ ወንበሮቹ መውጣት ጀመሩ። ከዚያ በሩ ተንኳኳ። ባለቤቴ ከፈተ። የንስሐ አባታችን ከፊት፣ ከኋላቸው ሦስት ሽማግሌዎች ካፖርት ለብሰው፣ ከዚያ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ጓደኛዬ አለችበት። ልጄ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

"ለብሰሽ ጠበቅሽን ልጄ?" አሉኝ አባ።

"አውቄዋለሁ አባ። ይናገሩት" አልኳቸው።

አጠገቤ ተቀመጡ። መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። "የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ፣ ታላቅ ወንድምሽ ከዚህ ዓለም ድካም…"

"እህቴስ?" አልኩ።

አባ ባለቤቴን ዞረው አዩት።

"እህቴስ አባ? እታለምስ?"

"እህትሽማ ደህና ናት። እዚያው ቤቱ ናት። ሁሉን ያደረገችለት እሷ ናት።"

"ተመስገን!" አልኩ።

ቀስ ብዬ አይደለም ያልኩት። ሁለት እጄን አንስቼ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ፣ ቤቱ እስኪሰማ ነው ያልኩት። "ተመስገን አምላኬ! ተመስገን!" ፊቴ ላይ ፈገግታ ነበር፤ ጡንቻው ሲሳብ ተሰምቶኛል። ሴቶቹ ለጩኸት የከፈቱት አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ወንበር ይዞ በመግባት ላይ የነበረ ሰው እንዳንጠለጠለው ቆመ። ሦስቱ ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ። ከዚያ አባ የተናገሩት የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ዞሮ መጣና ደረሰኝ። ታላቅ ወንድምሽ። ተቀመጥኩ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ የሚወጣ ነገር አልነበረም። ጩኸቴን ሁሉ በተመስገን ጨርሼዋለሁ።

ሦስት ቀን ሙሉ ያን መንገድ ስለካ ከሮም ነው የምነሳው። ሌላኛው ጫፍ እህቴ የምትደርስበት ቦታ ብቻ ነበር። እዚያ ሰው እንዳለ፣ ሰውም እንደሚሞት፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል ብዬ በእሱ ተጽናንቼ ነበር።

ባለቤቴ እታለም ጋ ደወለ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሰው ሁሉ በወንበሩ ተቀምጧል፤ ሁሉም ይሰማል።

"ነገሩሽ?" አለች። ድምፅዋ የሻከረ ነው።

"ነገሩኝ።"

ከዚያ አወራችልኝ። ሰኞ ማታ በእንቅልፉ ሄደ። ማክሰኞ ሥራ ስላልገባ አብሮት የሚነዳ ሰው ፖሊስ ይዞ ቤቱን አስከፈተ። ወሬው ሮም ደርሶ ሁለት ሴቶች እሷ ቤት የመጡት የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። እነሱ እንደወጡ ወዲያው ደወለችልኝ። "ቃል ነበረን፤ ልነግርሽ ነው የደወልኩት። አንቺ ሳቅሽ። እንደዚያ ስትስቂ ሰምቼሽ አላውቅም፤ ማቋረጥ አቃተኝ። ስደርስ እነግራታለሁ አልኩ። ስደርስ ድምፄ እምቢ አለኝ። ለባልሽ ነገርኩትና ላንቺ በጋሼ ስልክ እኔ ጻፍኩልሽ፤ በራሴ ብጽፍ ትደውያለሽ ብዬ ፈራሁ። እመኚኝ ስልሽ እኔ ነኝ።"

"ገባኝ" አልኳት።

"አውሮፕላኑ ውስጥ አልፈራሁም" አለች። "ሦስት ሰዓት ነው፣ እውነቱን ነው። አጭር ናት። ስወጣ በሩ ላይ የቆመ ሰው ሳይ ሁሉ እሱ ይመስለኝ ነበር።"

ከሴቶቹ አንዷ ተንሰቀሰቀች፣ ሌላዋ ክንዷን ይዛ ዝም አሰኘቻት።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች እታለም። "እዚህ ቤት ጮክ ብሎ አይለቀስም። ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤቶቹ ፖሊስ ይጠራሉ አሉኝ። ከረቡዕ ጀምሮ ትራሱን ነክሼ ነው ያለቀስኩት። ለጋሼ አንድ ሰው እንኳ ጮሆ አላለቀሰለትም። እኔ አላደረግኩለትም። አንቺ አለሽ ብዬ ነው የተጽናናሁት፤ የራስሽ ቤት አለሽ፣ ሰው አለሽ። ሲነግሩሽ… ጮህሽለት?"

አርባ ወንበር ላይ አርባ ሰው ተቀምጧል። አባ መስቀላቸውን ያያሉ። ጓደኛዬ እኔን ታያለች። ልጄ ወጥ ቤቱ በር ላይ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፣ ትናንት እኔ ባደረግኩበት ቦታ።

"ጮህኩለት" አልኩ።

"ቤቱ እስኪናወጥ?"

"እስኪናወጥ።"

"እግዜር ይስጥሽ" አለችኝ። "አሁን ትንሽ እተኛለሁ።"

ባለቤቴ ስልኩን ዘጋው። ከተቀመጠው ሰው ሁሉ አንድም ያስተባበለኝ አልነበረም። እስከ ዛሬም የለም።